በአንድ ቆጣሪ ሦስት ጎጆ

ደሴ ውስጥ፣ ከሰኞ ገበያ ዙሪያ ካሉት ግቢዎች አንዱን እንክፈት። በሩን እንዳለፉ፣ ከቆርቆሮው ክዳን ሥር ቆጣሪው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ፊት ለፊት የአከራዮቹ ቤት ነው፤ ከጀርባ ተጎራብተው የተሠሩ ሁለት የኪራይ ክፍሎች አሉ። በአንዱ ጉልት የምትቸረችር እናት ከልጆቿ ጋር፣ በሌላው አንድ የቀን ሠራተኛ ከነባለቤቱ ይኖራሉ። ሦስቱም ቤት የየራሱን ድስት ይጥዳል፤ ሦስቱም ቤት ግን የሚበራው ከዚያችው ቆጣሪ በወጣ ሽቦ ነው። መብራት ኃይል መዝገብ ላይ ይህ ግቢ አንድ ደንበኛ ነው።

የመብራት ድጎማ፣ ማለትም ጥቂት ለሚጠቀም ደንበኛ የሚታሰበው ዝቅተኛ ዋጋ፣ ክርክሩ መጀመር ያለበት ከዚህ ግቢ ይመስለኛል። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ለአራት ዓመት እንዲዘልቅ ተደርጎ ወጥቷል። ቢሉ በከበደ ቁጥር «ድጎማው ለሁሉም መሆኑ ቀርቶ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ብቻ ይሁን፤ የገቢ ጣሪያ ይቀመጥ» የሚለው ሐሳብም አብሮ ይነሳል። ሐሳቡ ሲሰሙት ፍትሐዊ ነው። ነገር ግን ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሲወርድ የሚረዳው የተቸገረውን ሳይሆን ወረቀት የሌለውን ሀብታም ነው፤ ዛሬ ያለውን ዋና ስህተትም አይነካውም። ዋናው ስህተት የገቢ አለመጣራት አይደለም፤ ድጎማው ቆጣሪ እንጂ ቤተሰብ አለመቁጠሩ ነው።

ሒሳቡን እንየው። ዋጋው በየሩብ ዓመቱ ስለሚቀያየር ከመስከረም 2017 በፊት ሲሠራበት የቆየውን ሠንጠረዥ እንውሰድ፤ ለማሳየት የሚበቃው የእርከኖቹ፣ ማለትም ፍጆታ ሲጨምር ዋጋው ከፍ የሚልባቸው ደረጃዎች፣ ልዩነት ነው። የመኖሪያ ቤት ደንበኛ በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት በ0.2730 ብር፣ እስከ 100 በ0.7670 ብር፣ እስከ 200 በ1.6250 ብር ይከፍል ነበር። በግቢያችን ያሉት ሦስት ቤቶች እያንዳንዳቸው በወር 45 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠቀማሉ እንበል። ለየብቻ ቆጣሪ ቢኖራቸው ሦስቱም ከ50 በታች ናቸው፤ የእያንዳንዱ የፍጆታ ሂሳብ 12.29 ብር፣ የሦስቱ ድምር 36.86 ብር ይሆናል። አሁን ግን ቆጣሪው 135 አንብቧል። በጣም ለዘብተኛ በሆነው አሰላል፣ ማለትም እያንዳንዱ እርከን በየራሱ ዋጋ ተከፋፍሎ ቢታሰብ እንኳ፣ 13.65 ሲደመር 38.35 ሲደመር 56.88፣ ድምሩ 108.88 ብር ነው። ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ሙሉው 135 በሦስተኛው እርከን ዋጋ ከተባዛ ደግሞ 219.38 ብር ይደርሳል።

እዚህ ላይ ማንም መብራት አላባከነም፤ ማንም አልበለጸገም። ሦስት ድሃ ቤቶች በአንድ ሽቦ ስለተንጠለጠሉ ብቻ እንደ አንድ ሀብታም ቤት ተቆጠሩ። በአንጻሩ ቤቱን ለብቻው ይዞ፣ ምሳና እራቱን ሆቴል የሚበላ ባለ ጥሩ ደመወዝ ወንደላጤ በወር 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢጠቀም ከዝቅተኛው ዋጋ አይወጣም። በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚከፈት የባለሀብት ቤትም እንዲሁ።

አከራዮች ይህን እርከን በስሙ ባያውቁትም በኪሳቸው ያውቁታል። «ምጣድ አይቻልም፣ ስቶቭ ክልክል ነው» የሚለው የኪራይ ውል የመጣው ከክፋት ብቻ አይደለም። ሂሳቡን በአምፖልና በሶኬት ቆጥረው የሚያካፍሉም አሉ፤ አንድ አምፖል ይህን ያህል፣ ቴሌቪዥን ይህን ያህል እያሉ። ተከራዩ በራሱ ወጪ ውስጥ ለውስጥ ትንሽ ቆጣሪ ቢያስገጥም ክፍፍሉ ይስተካከላል፤ የጠፋውን ዝቅተኛ እርከን ግን አይመልስለትም፤ ውድ የሆነውን ቢል በትክክል ለመካፈል ብቻ ነው የሚጠቅመው። የራሱን የአገልግሎት ቆጣሪ ለማስገባት ደግሞ የባለቤቱ ፈቃድና የቤቱ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ቤቱ በስሙ ያልሆነ ሰው በዚያ መንገድ ሩቅ አይሄድም።

ስለ ምጣድ ከተነሳ ትንሽ እንቆይበት፤ የ50 ኪሎ ዋት ሰዓት ጣሪያ የሚፈተነው እዚያ ነውና። የተለመደው የኤሌክትሪክ ምጣድ ጉልበቱ 3.5 ኪሎ ዋት አካባቢ ነው። ማሟቂያውን ጨምሮ አንድ ጊዜ ለመጋገር አንድ ሰዓት ተኩል ቢወስድ 5.25 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በወር ስምንት ጊዜ ሲጋገር 42 ይሆናል። ሦስት ባለ 9 ዋት አምፖሎች በቀን አምስት ሰዓት ሲበሩ በወር 4 ገደማ፣ 60 ዋት የሚስብ ቴሌቪዥን በቀን አራት ሰዓት ሲከፈት 7.2 ይጨምራል። ድምሩ 53 አለፈ። ፍሪጅ የለም፣ ስቶቭ የለም፣ ካውያ የለም። እንጀራዋን በቤቷ የምትጋግር አንዲት እናት፣ ለብቻዋ ቆጣሪ ቢኖራት እንኳ፣ ከዝቅተኛው እርከን ወጥታለች ማለት ነው።

ቮልቴጅ ሲወርድ ነገሩ ይብሳል። ምጣዱ ለ220 ቮልት ተሠርቶ ምሽት ላይ 180 ብቻ ሲደርሰው ጉልበቱ በ40 ቮልት ልክ ብቻ አይቀንስም፤ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። ምጣዱ ቶሎ አይግልም፣ ሊጡ ዓይን አያወጣም፣ የአንዱ እንጀራ ጊዜ ይረዝማል፤ በረዘመው ጊዜ ውስጥ ደግሞ ሙቀቱ ከሥርና ከጎን ይባክናል። ጋጋሪዋ የባሰ እንጀራ ጋግራ የበለጠ ትከፍላለች። የከፍታውም ነገር አለ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሳይሞላ ነው፤ ባቄላና ሽንብራ ለመብሰል ቆላ ካለው የበለጠ ጊዜ ይፈልጋሉ። ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ የምትገኘው ኮምቦልቻ 94 ገደማ ላይ ታፈላለች። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም በየቀኑ ስቶቭ ለሚለኩስ ቤት ቆጣሪው ላይ ይታያል፤ ከደሴ በላይ ያለውን የጦሳ ተራራ ብርድ ሳንቆጥር ነው። ለመላ አገሪቱ በአንድ ቁጥር የተቀመጠ ጣሪያ ይህን ሁሉ አያይም።

አሁን ወደ ገቢ ጣሪያው። ሐሳቡን የሚያነሱ ሰዎች አብነት የሚያደርጉት አብዛኛውን ጊዜ አሜሪካን ነው። እዚያ ላይሂፕ የተባለ፣ በእነርሱ አቆጣጠር በ1981 የተቋቋመ የፌዴራል መርሐ ግብር አለ፤ ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ ቤተሰቦችን የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ቢል ይደግፋል። ግዛቶች የገቢ ጣሪያውን የሚያስቀምጡት በሁለት ልኬቶች ነው፤ ከፌዴራሉ የድህነት መለኪያ 150 በመቶ ወይም ከግዛቱ መካከለኛ ገቢ 60 በመቶ፣ ከሁለቱ ከፍ ያለውን ማለፍ አይችሉም። ከድህነት መለኪያው 110 በመቶ በታች ማውረድም አይፈቀድላቸውም። በእነርሱ 2025 ለአራት ሰው ቤተሰብ መለኪያው 32,150 ዶላር ስለነበር 150 በመቶው 48,225 ዶላር ነው። ቁጥሩ ላይ መድረስ የተቻለው ግን አብዛኛው ደመወዝ በሰነድ የሚታወቅበት አገር ስለሆነ ነው። እንደዚያም ሆኖ ገንዘቡ በበጀት የተወሰነ ነው፤ ሲያልቅ መስፈርቱን ያሟላውም ተመላሽ ይሆናል።

ይህን ኮምቦልቻ ላይ እናምጣው። በኢንዱስትሪ ፓርኩ የምትሠራ ወጣት ደመወዟ በባንክ ይገባል፣ ግብሯ ከምንጩ ይቆረጣል፤ ገቢዋ እስከ ሳንቲሙ ይታወቃል። አንድ የእህል ነጋዴ የሚያስመዘግበው ገቢ ግን ያስመዘገበውን ያህል ብቻ ነው። የገቢ ጣሪያ ሲቀመጥ ማን ይወድቃል? ደመወዟ የታወቀው። ጣሪያውስ ስንት ይሁን? በእጃችን ያለው ሕጋዊ ቁጥር ከ2017 ሐምሌ ጀምሮ ከደመወዝ ግብር ነፃ የሆነው 2,000 ብር ነው፤ እርሱን ብንወስድ ቋሚ ሥራ ካለው ሰው ብዙው ከነድህነቱ ከድጎማው ውጪ ይሆናል። ከፍ ብናደርገው በየወሩ ዋጋ በሚንርበት ገበያ በዓመቱ ይሞታል። የቀን ሠራተኛውንማ ተዉት፤ ደሴ ሸዋ በር ቆሞ ሥራ የሚጠብቅ ሰው የወር ገቢህን በሰነድ አቅርብ ሲባል ከየት ያመጣል? ከቀበሌ የምስክር ወረቀት። እርሱን ለማግኘት ደግሞ ሁለት የሥራ ቀን ያጣል።

ከአሜሪካኖቹ መውሰድ የሚገባን ሁለት ነገር አለ፤ ሁለቱም ጣሪያው አይደለም። አንደኛው የቤተሰብ ትርጉማቸው ነው። ሕጋቸው ቤተሰብ የሚለው እንደ አንድ ኑሮ አብረው የሚኖሩና ኃይል በጋራ የሚገዙ ሰዎችን ነው፤ የኃይል ክፍያው ሳይለይ ከኪራይ ጋር ተደባልቆ የሚከፍሉትንም በግልጽ ይጨምራል። ቆጣሪው በስሙ ያልሆነ ተከራይ ገና ከመነሻው ተቆጥሯል። ሁለተኛው፣ በሌላ የድጋፍ መርሐ ግብር ድሃ መሆኑ አስቀድሞ የተረጋገጠ ቤት እንደገና ሳይመረመር እንዲገባ ግዛቶች መፍቀድ መቻላቸው ነው።

ይህ ሁለተኛው ለደሴ እንግዳ አይደለም። የከተማ ሴፍቲኔት በ2009 አካባቢ በ11 ከተሞች ሲጀመር ደሴ አንዷ ነበረች። ተጠቃሚዎቹ የተለዩት በደመወዝ ወረቀት ሳይሆን በየቀበሌው በተቋቋሙ የነዋሪ ኮሚቴዎች ነው፤ ማን ምን እንደሚበላ ጎረቤት ያውቃል። በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም መዋጮ የማይጠየቁ «የድሃ ድሃ» ተብለው የሚመዘገቡ ቤተሰቦች አሉ። ኮሚቴ ዘመድ እንደሚያስገባና ሰው እንደሚዘነጋ አይካድም። ቢሆንም እነዚህ መዝገቦች በሕዝብ ፊት አንዴ የተፈተሹ ናቸው፤ አዲስ የገቢ ምርመራ ከመጀመር ይልቅ እነርሱን ማደስ ይቀላል።

ስለዚህ መደረግ ያለበት እንዲህ ነው። ቀበሌው በአንድ ቆጣሪ ሥር ስንት ቤተሰብ እንዳለ ያረጋግጥ፤ መለኪያው «ከአንድ ድስት የሚበላ» ይሁን። ሦስት የፋብሪካ ልጆች አንድ ክፍል ተከራይተው አብረው ካበሰሉ አንድ ቤት ናቸው፤ በአንድ ግቢ ሦስት ድስት ከተጣደ ሦስት ቤት ነው። መብራት ኃይል ይህን ቁጥር በደንበኛው መዝገብ ላይ ያስገባና እርከኖቹን በቁጥሩ ያባዛ፤ ለሦስት ቤት የመጀመሪያው እርከን 50 መሆኑ ቀርቶ 150 ይሆናል። ያ 135 ኪሎ ዋት ሰዓት ያነበበው ግቢ በዚህ አሠራር ወደ 36.86 ብር ይመለሳል። አዲስ ቆጣሪ፣ አዲስ ሽቦ፣ አዲስ ትራንስፎርመር አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው በቢል ሶፍትዌሩ ውስጥ አንድ ቁጥር ነው። ታሪፍ የሚመረምረው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ቢቀበለው ሁለቱ ከተሞች መሞከሪያ መሆን ይችላሉ። የ50ውን ጣሪያ ለሁሉም ወደ 100 ከፍ ማድረግ የሚሉም አሉ፤ ያ ግን ባዶ ቤት ላለው ሰውም የሚደርስ ስጦታ ነው።

ማጭበርበር ይኖራል? ይኖራል። አከራይ ወንድሙን «ተከራይ ነው» ብሎ ያስመዘግባል። ስለዚህ ቁጥሩ ከአራት እንዳይበልጥ ይገደብ፣ በየዓመቱ ይታደስ፣ ዝርዝሩም ቀበሌ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ይለጠፍ፤ የሐሰት ጎጆ ከኦዲተር በፊት ጎረቤት ዓይን ውስጥ ይገባል። የበለጠ የሚያሰጋኝ ሌላ ነው፤ አከራዩ ቅናሹን ለራሱ አስቀርቶ ከተከራይ የቀድሞውን መሰብሰቡ። መፍትሔው ቢሉ ላይ «የቤተሰብ ብዛት 3፣ የአንዱ ድርሻ ይህን ያህል» ተብሎ መታተሙ ነው። ተከራዩ ወረቀቱን እንዲያሳዩት የመጠየቅ መብት ይኑረው። ምጣድን የሚከለክለው ውልም ያን ጊዜ ምክንያቱ ይሳሳል።

ይህ እስኪሆን ድረስ አንድ ነገር በእጃችን አለ። ቆጣሪ አንባቢው አንድ ወር ሳይመጣ ቀርቶ የሁለት ወር ፍጆታ በአንድ ቢል ሲመጣ፣ በየወሩ 48 ይጠቀም የነበረ ቤት 96 ተብሎ ይመዘገብና ሳያጠፋ ወደ ሁለተኛው እርከን ይወጣል። በወሩ በተመሳሳይ ቀን ቆጣሪውን ራስዎ ያንብቡ፤ በአሮጌው የሚሽከረከር ቆጣሪ ላይ በቀይ የተለየችውን የመጨረሻ አሃዝ ይተዉ። ቀኑንና ቁጥሩን ደብተር ላይ ይጻፉ፣ የስልክ ፎቶም ያንሱ። ቢሉ ሲመጣ የቀድሞና የአሁን ንባብ የሚሉትን ከራስዎ ጋር ያስተያዩ። የሁለት ወር ፍጆታ ተደርቦ ከሆነ ሳይከፍሉ በፊት ወደ አገልግሎት ማዕከሉ ሄደው በሁለት ወር ተከፍሎ እንዲሰላልዎ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ከተከፈለ በኋላ ማስመለሱ ረጅም ነው። ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ደግሞ ደብተሩ አከራዩም ተከራዩም የሚያየው ቦታ ይቀመጥ።