ሞተር መጥፋቱ ብቻውን አይገድልም

ትንሽ አውሮፕላን በወደቀች ቁጥር ወሬው አንድ ነው። «ሞተሯ ጠፋ፣ ወደቀች፣ አለቀ።» ሰሞኑን የአንዲት አልትራላይት (በጣም ቀላል የሆነች ትንሽ አውሮፕላን) አደጋ ቪዲዮ ከስልክ ስልክ ሲዞር ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን የተቀመጥን ሁሉ መርማሪ ሆንን። አንዱ «ይሄማ ሞተር ሳይክል ላይ ክንፍ መቀጠል ነው» አለ። ሳቅን። ግን ነገሩ እንደዚያ አይደለም።

አልትራላይት ቀላል ናት። በአሜሪካ ሕግ ባለ አንድ ወንበር ሆና፣ ባዶዋን ከ115 ኪሎ ገደማ መብለጥ የለባትም። ሞተሯ ቢጠፋም እንደ ድንጋይ ዱብ አትልም። አፍንጫዋን ዝቅ ካደረጉላት እየተንሳፈፈች ትወርዳለች፤ ፊት ለፊት ሜዳ ካገኘች ታርፋለች።

ብዙ ጊዜ ጉዱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ገና ከመሬት እንደተነሳች ሞተሩ ቀጥ ይላል። የአብራሪው ልብ ግን ከኋላ የቀረው ማኮብኮቢያ ላይ ነው። ልመለስ ብሎ ይጠመዝዛል። ፍጥነቷ ይወርዳል። መሬቱ ሲቀርበው ደንግጦ አፍንጫዋን ቀና ያደርጋል፤ ይሄኔ ክንፉ መሸከም ያቅተዋል። አብራሪዎች «ስቶል» የሚሉት ይሄን ነው። አንደኛው ክንፍ ቀድሞ ይከዳና እየተሽከረከረች ትወርዳለች። ከዚያ ከፍታ ላይ ለማስተካከል ጊዜ የለም። አስተማሪዎች «አትመለስ፣ ፊት ለፊትህ አሳርፍ» እያሉ ጆሮ የሚያደነቁሩት ወደው አይደለም።

አሁን ይህን ወደኛ ከተማ አምጡት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ ሩብ ገደማውን ያጣል። ለመነሳትም ረዘም ያለ ማኮብኮቢያ ይፈልጋል። ታች ቆላ በቀላሉ የምትነሳው እዚህ ትለግማለች። ሞተሩ ቢጠፋስ? ከስታዲየም እስከ አራት ኪሎ ማረፊያ ሜዳ የት ሊገኝ ነው? መስቀል አደባባይ? ሰው ላይ?

በዚያ ላይ ልምድም ሁልጊዜ አያድንም። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለኢትዮጵያ የበረረው ጥቁር አሜሪካዊ ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ሕይወቱ ያለፈው እ.ኤ.አ. በ1954 አዲስ አበባ ውስጥ ያበርረው የነበረው ቀላል አውሮፕላን ወድቆ በደረሰበት ጉዳት ነው። እሱ እንኳ!

ስለዚህ መሃል ከተማ ላይ ለመዝናናት መብረር አይታሰብም። አልትራላይት ያለ አብራሪነት ፈቃድ አብርሩ የሚለው የአሜሪካ ሕግ እንኳ ሰው በተጨናነቀበት ከተማ ላይ ይከለክላል። ግን «ይከልከል» ብሎ ማለፉ አይዋጥልኝም። እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት በአሮጌ የቮልስዋገን ሞተር የራሱን አውሮፕላን ሠርቶ ለመብረር ሞክሮ ነበር፤ አልተሳካለትም። እንዲህ ያለ ልጅ ዛሬም አይጠፋም፤ ምናልባት ይሄኔ መርካቶ ዕቃ እያፈላለገ ነው። ዜና እንሠራለታለን፣ እናጨበጭባለን፣ ከዚያ ዞር። የሚያስፈልገው ከከተማ ውጭ ሰፊ ሜዳ፣ ባለ ሁለት ወንበር ማሠልጠኛና ከመነሳቱ በፊት ብሎኑን አንድ በአንድ የሚያይለት መካኒክ ነው። ሲቪል አቪዬሽን ለእንደዚህ ያሉ ልጆች አንድ በር ይክፈትላቸው። በሩ ላይ የሚጠየቁት የመጀመሪያ ጥያቄም ይሄ ይሁን፦ «ገና ስትነሳ ቢጠፋብህ የት ታርፋለህ?»