ዳር ዳሩ የጠቆረ ፕላን

ባለፈው ሳምንት ከሰፈራችን ጀርባ ያለው ሜዳ ለ24 መኖሪያ ቤቶች ሊሸነሸን ስለሆነ ፕላኑን አይታችሁ አስተያየት ስጡ ተባልንና ሄድን። ፕላኑ የአልጋ አንሶላ ያህላል። ወሰኑ በቀይ፣ መንገዱ በግራጫ፣ የጎርፍ መውረጃው በሰማያዊ ተሰምሮ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ያምራል፤ ማየት ለቻለ ማለቴ ነው። እኔ አልቻልኩም። አንድ ጎልማሳ አመልካች ጣቱን እንደ ችካል ወረቀቱ ላይ ተክሎ ቆሟል። «የእኔ ቤት ይቺ ናት» ይላል። የጠየቀው የለም። እሱ ገለል ሲል አንዲት እናት ተተኩ፤ «የእኛስ? አዎ፣ ይኸው! ውይ፣ በረንዳውን ትተውታል!» ከእሳቸው ቀጥሎ ሁለት ወንድማማቾች ጣታቸውን ጎን ለጎን አሳርፈው አጥራቸው ከየት እስከ የት እንደሆነ ይከራከሩ ጀመር።

አሥራ አንድ ሰው ቆጠርኩ። ጣቱን ወደ መሐል የላከ አንድም የለም። የሚሠራው መሐል ላይ ነው፤ የተጠራነው ለመሐሉ ነው። ስብሰባው ሊጀመር ሲል የወረቀቱ ዳር ዳር በላብና በቅባት ጠቁሮ፣ ሃያ አራቱ ቦታዎች ከማተሚያ እንደወጡ ንጹሕ ነበሩ። የቡድን ፎቶግራፍ የተሰጠው ሰውም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ራሱን ይፈልጋል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ከተነሳ «ፎቶው ተበላሽቷል» ይላል።

ሰብሳቢዋ «ለአንድ ሰው 3 ደቂቃ ነው፤ እባካችሁ ወደ ነጥቡ ግቡ» አሉ። የመጀመሪያው ተናጋሪ «እኔ ልማትን አልቃወምም፤ ነገር ግን» ብሎ ጀመረ። ሁለተኛዋም አልተቃወሙም፤ ነገር ግን። ሰባተኛው ላይ መቁጠር አቆምኩ። «ነገር ግን» ከፊቷ ያለውን ሁሉ ጠርጋ የምታወጣ መጥረጊያ ናት፤ ልማት የተባለው ነገር በር ላይ ተከምሮ ቀረ።

ይህንስ እችለዋለሁ። ያልቻልኩት የምወደውን ምሳሌያዊ አነጋገር የነጠቀኝን ሰው ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለውን ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። በአራት ቃል የዳኛንም የውሃ መሐንዲስንም ሥራ ጠቅልሎ የያዘ ሌላ አባባል አላውቅም። ችግሩ፣ ይህን ብሎ ተነስቶ እውነት ከሥሩ የጀመረ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ብዙዎቹ ከቅርንጫፉ ይጀምራሉ፤ አንዳንዶቹ ከጎረቤት ዛፍ።

ያን ቀን አባባሉን ያነሳው ከግራዬ የሚኖረው ጎረቤቴ ነው። የጣሪያው አሸንዳ ላለፉት 11 ዓመታት አፉን ወደ እኔ ግንብ አዙሮ ይተፋል። ግንቡ ላይ የሰው ቁመት የሚያህል አረንጓዴ ሻጋታ በቅሏል፤ በቅርብ ሲያዩት ትከሻና አንገት ያለው ይመስላል። በሦስተኛው ዓመት በትሕትና ነገርኩት። «ውሃ መንገዱን ያውቃል፣ ወንድሜ» አለኝ። በሰባተኛው ዓመት ያለ ትሕትና ነገርኩት። «ቆይ፣ ዝናቡ ያቁም» አለኝ። አቆመ፤ ጀመረ፤ አቆመ።

እና ይህ ሰው ተነስቶ፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ፣ ስለ ጎርፍ ተናገረ! «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ሜዳው ላይ የሚወርደውን ዝናብ ዛሬ አፈሩ ይጠጣዋል። ነገ ቆርቆሮና አስፋልት ሲለብስስ ማን ይጠጣዋል? በሰው ግቢ ላይ ውሃ መልቀቅ ነውር ነው!» አዳራሹ አጨበጨበ። ዞሬ አየሁት። እሱ አላየኝም።

የሚያበሳጨው ትክክል መሆኑ ነው። አንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው። ጣሪያው 150 ካሬ ሜትር የሆነ ቤት 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድበት 3,000 ሊትር ይለቃል፤ ሃያ አራቱ ቤቶች 72,000 ሊትር፤ መንገዱን ሳንቆጥር። ሜዳ ይህን ውሃ እያዘገመ ያሳልፈዋል፤ ጣሪያ ወዲያውኑ ያወርደዋል። ስለዚህ መጠየቅ የነበረበት ውሃውን አቁሮ ቀስ በቀስ የሚለቅ ኩሬ ፕላኑ ውስጥ አለ ወይስ የለም የሚለው ነበር። ማንም አልጠየቀም፤ ጎረቤቴ ስለ ነውር ነው የተናገረው። የእሱን አሸንዳ ሒሳብ ደግሞ ቤቴ ገብቼ ሠራሁት። የጣሪያው ግማሽ ብቻ ወደ እኔ ቢያዘነብል እንኳ ለአንድ ዝናብ 1,500 ሊትር ነው። በ11 ዓመት ማባዛት ጀምሬ ደሜ ሲፈላ ተውኩት።

አንድ ሌላ ሰው «በየቀኑ ሺህ መኪና በደጃችን ሊያልፍ ነው» አለ። የአሜሪካ የትራንስፖርት መሐንዲሶች ለአንድ መኖሪያ ቤት በቀን ከ9 እስከ 10 የመኪና ጉዞ ይገምታሉ፤ በጣም በሚጨናነቀው ሰዓት አንድ ያህል። ይህም ማለት ከሃያ አራቱ ቤቶች ሁሉም ከሥራ በሚመለስበት ሰዓት በሁለት ደቂቃ ተኩል አንድ መኪና ነው። ልናገር እጄን አነሳሁ፤ ሰብሳቢዋ አላዩኝም። እውነቱን ለመናገር፣ ለጎረቤቴ ባጨበጨበ ሕዝብ ፊት ስለ መኪና ማውራትም አላሰኘኝም።

«ከእኔ አጠገብ አይሁን» የሚባለውን እኛ አልፈጠርነውም። በ1926 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኦሃዮ የምትገኘው ዩክሊድ የተባለች መንደር የት ምን እንደሚሠራ የመወሰን ሥልጣን አላት ብሎ ፈረደ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ሰዘርላንድ፣ አስቸጋሪ የሚባለው ነገር አንዳንዴ በጎ ሆኖ ሳለ ቦታውን የሳተ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ በረት ትቶ ሳሎን እንደገባ አሳማ ነው አሉ። እዚህ ድረስ ተስማማን። ቀጥለው፣ የግል ቤቶች መሐል የሚሠራ የኪራይ ሕንፃ ብዙ ጊዜ ጥገኛ ተባይ ነው አሉ። ሰው የሚተኛበት፣ ልጅ የሚያድግበት ቤት ነው ተባይ የተባለው! የመንደሯን ስም ያወጡት ቀያሾች ናቸው፤ ለጥንቱ ግሪካዊ የጂኦሜትሪ ሊቅ ለዩክሊድ ክብር። ቀያሽ ገመድ ሲጎትት ውሎ ሌላ ምን ስም ሊያወጣ ይችላል?

በአዳራሹ ያልነበሩት በሃያ አራቱ ቤቶች የሚኖሩት ናቸው። እንዴት ይምጡ? እዚያ እንደሚኖሩ ራሳቸውም ገና አያውቁም። የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በማሳቹሴትስ ግዛት የ97 ከተሞችን የእንዲህ ያለ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ አገላብጠው ተናጋሪው በአብዛኛው የቤት ባለቤት፣ በዕድሜ የገፋና አዲስ ቤት የሚቃወም ሆኖ አግኝተውታል። የእኛን ቃለ ጉባኤ ቢያነቡ ደግመው ያነበቡ ይመስላቸዋል።

ስለ ጣት ነበር የጀመርኩት። ሰብሳቢዋ ፕላኑን ሊያነሱ ሲሉ ሮጬ ደረስኩ። «አንድ ጊዜ እባክዎን፤ መሐሉን ማየት ፈልጌ ነው» አልኳቸው። ቆሙልኝ። ጣቴ በቀጥታ ወደ ዳር ሄደ፤ ወደ ግራ ግንቤ። አሸንዳው አልተሳለም።

«ይህ ስሕተት ነው» አልኩ።

«እዚህ ላይ አሸንዳ አይሳልም፣ ጌታዬ። አስተያየት ካለዎት ይጻፉልን» ብለው ቅጽ ሰጡኝ። ፊትና ጀርባውን ሞላሁት። ቀና ስል ፕላኑ ተጠቅልሎ ሄዷል፤ አዲሱ መንገድ በየት በኩል እንደሚወጣ አላየሁም።