ትከሻ የሚደግፈው ልብስ ግዴታ ይሁን?

ጥያቄው፦ በመኪና መገጣጠሚያ እጃቸውን ከራሳቸው በላይ አንስተው የሚሠሩ ሠራተኞች ኤክሶስኬሌተን (ከሰውነት ጋር የሚታሰር፣ የክንድን ክብደት የሚያግዝ ልብስ) እንዲለብሱ ይገደዱ?

ደጋፊ፦ ይገደዱ። ከመኪና ሆድ ሥር ቆሞ ብሎን ሲያጠብቅ የሚውል ሰው ትከሻው የሚጎዳው በመሣሪያው ብቻ አይደለም፤ የገዛ ክንዱንም ተሸክሞ ነው የሚውለው። ፎርድ በ2018 እ.ኤ.አ. በ7 አገሮች በሚገኙ 15 ፋብሪካዎቹ ያስገባው ኤክሶቬስት የተባለ ልብስ ለእያንዳንዱ ክንድ ከ2.2 እስከ 6.8 ኪሎ ያግዛል። ባትሪ የለውም፤ የሚሠራው በሞላ (ስፕሪንግ) ነው። ለባሹ ክብደቱን እንኳ አያስታውሰውም።

ተቃዋሚ፦ «አያስታውሰውም» ያሉት ማንን ጠይቀው ነው? ልብሱ ራሱ 4.3 ኪሎ ይመዝናል! ከክንድ የተነሳው ጫና በጀርባው ብረት ወርዶ ዳሌ ላይ ያርፋል። ቀበቶው ከቦታው ዝቅ ካለ የትከሻው መዞሪያ ከሰውዬው መጋጠሚያ በታች ይቀራል፣ የክንዱ ማሰሪያም ብብቱን ይከረክረዋል። ሞላው ከበረታ ደግሞ ከሳጥን ብሎን ለማንሳት እጁን ባወረደ ቁጥር ከሞላው ጋር ይታገላል።

ደጋፊ፦ የገለጹት በትክክል ያልተለካ ልብስ ነው። መጀመሪያ ቀበቶው በዳሌ አጥንት አናት ላይ ይጠብቃል፤ ቀጥሎ መዞሪያው ከትከሻው መጋጠሚያ ትይዩ እስኪሆን የጀርባው ርዝመት ይስተካከላል። ሞላው የሚመረጠው በመጨረሻ፣ ሠራተኛው የሚሠራበትን መሣሪያ ይዞ ነው። በባዶ እጅ ከተመረጠ ይሳሳታል። ክብደቱ ካስጨነቀዎት የኦቶቦክ ኩባንያ ተመሳሳይ ልብስ፣ ፓኤክሶ ሾልደር፣ 1.9 ኪሎ ብቻ ነው።

ተቃዋሚ፦ ከ4.3 ወደ 1.9 ሸሹ እንጂ «አያስታውሰውም» ያሉትን አላነሱም። በሙቀት፣ ቀበቶው ሥር ላብ እየቋጠረ፣ ስምንት ሰዓት የሚለብሰው ሰው ያስታውሰዋል። ስለ ዳሌውም አንድ ቃል አልመለሱልኝም። የመኪናውን አካል ወደ ጎን የሚያዘነብል ማንጠልጠያ እያለ፣ መሣሪያውን ከላይ የሚይዝ ባላንሰር እያለ፣ ለምን ሰውየው ላይ ብረት ይታሰራል? በሥራ ደኅንነት ደንብ የሚለበስ ነገር የመጨረሻው አማራጭ ነው።

ደጋፊ፦ ለሠራተኛው የሚቆረቆሩት እርስዎ ብቻ እንደሆኑ አድርገው አይናገሩኝ፤ ቅር ብሎኛል። ባላንሰር መሣሪያውን እንጂ ክንዱን አይሸከምም። ማንጠልጠያ ለመቀየር ደግሞ መስመር ይቆማል፣ ጣሪያው ይፈተሻል፣ በጀት ይጠበቃል። እስከዚያ ትከሻው ምን ይሁን? ቢያንስ የፈለገ ይልበስ።

ተቃዋሚ፦ «የፈለገ ይልበስ» ካሉማ ግዴታው ቀረ። በፈቃድ ከሆነ አልጣላም። ግን ለየሰው የራሱ ቀበቶና ማሰሪያ ይኑረው፤ ላብ የጠጣ ጨርቅ በፈረቃ መቀባበል አይገባም። ልብሱን ስለለበሰም በሰዓት የሚያጠብቀው ብሎን አይጨመርበት።

ደጋፊ፦ ጨርቁ ላይ እስማማለሁ፤ ይታጠባል፣ ቅያሪም ይገዛለታል። የብሎኑን ቁጥር የሚወስነው ግን የምርት ክፍሉ ነው። ይህን በልብሱ ላይ አያሳብቡ።

ተቃዋሚ፦ እኔም የምሰጋው ከዚሁ ክፍል ነው። ልብሱ ከመግባቱ በፊት የነበረው ቁጥር በስምምነት ይጻፍ፤ ካልተጻፈ የሚለብሱት እንዲፈርሙ አልመክርም።