ለተከበሩ አቶ ድጋሚ መዝገብ
ባሉበት ሁለቱም ቦታ

ጉዳዩ፦ አንድ እንዲሆኑ ስለመጠየቅ

ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አይታወቅም። እርስዎን ግን «አንተ» እንዳልል፣ ሁለት ነዎት።

ቀፊራ አጠገብ ባለ አንድ ጅምላ መደብር ኮምፒውተር ውስጥ፣ የአንድ ደንበኛ መዝገብ ሆነው ሳለ፣ መጀመሪያ «መሐመድ» ተብለው ገቡ። ቆየት ብለው «መሃመድ» ሆነው ደገሙ። ይህ ስም የሌለበት ሰፈር የለንምና ማን ይጠርጥርዎ? ስልክዎም አንዴ በ09፣ አንዴ በ+251 ይጀምራል። ዱቤው በ«ሐ»ው ላይ ሰፈረ፣ ክፍያው በ«ሃ»ው ላይ። እውነተኛው ሰውዬ በዚያ ሙቀት ቆሞ ደረሰኝ እያወጣ «ከፍያለሁ» ብሎ ይምላል። ገንዘብ ያዧ ስክሪኑን እያሳየች «አልከፈሉም» ብላ ትምላለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ፕሮግራመሩ «ካለ አፕዴት፣ ከሌለ ኢንሰርት» (ደንበኛው ካለ አሻሽል፣ ከሌለ አዲስ አስገባ) ብሎ ጽፎ ነበር። አሳቡ ደግ ነው። ግን አንደኛዋ ሠራተኛ በሴሌክት (በመፈለጊያው ትዕዛዝ) ጠይቃ «የለም» ስትባል፣ ጎኗ ያለችውም በዚያው ቅጽበት ጠይቃ «የለም» ተባለች። ሁለቱም አስገቡዎት። በዚያች ቀዳዳ መሹለክዎ፣ አቤት ቅልጥፍና!

ቀጥሎ የዳታቤዙ (መዝገብ ማከማቻው) የማይኤስኪዩኤል «ሪፕሌስ» የሚባል ትዕዛዝ ተሞከረ። እሱ ነባሩን አያሻሽልም፤ ሰርዞ አዲስ ያስገባል። ትዕዛዙ ያልጠቀሰው አድራሻና የዱቤ ጣሪያ ድራሹ ጠፋ። እዚህ ላይ እንኳ አዘንኩልዎ።

አሁን ስልክዎ አንድ ወጥ አጻጻፍ ይዞ ዩኒክ (የማይደገም) ሊደረግ ነው። (ባልና ሚስት በአንድ ሲም የሚመዘገቡበት ጣጣ ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል።) ፖስትግሬስ የሚባለው ሌላ ዳታቤዝ ከ9.5 ዕትሙ ጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ፣ «ኢንሰርት ኦን ኮንፍሊክት ዱ አፕዴት» የሚል ትዕዛዝ አለው። ሁለት ሰው እኩል ቢያስገባ ዳታቤዙ ራሱ አንዱን ተቀብሎ ሌላውን ወደ አፕዴት ይመልሰዋል። ማይኤስኪዩኤልም «ኦን ዱፕሊኬት ኪይ አፕዴት» አለው። ባዶ ሆኖ የመጣ አድራሻ ነባሩን እንዳይደመስስም አፕዴቱ ላይ ይጻፋል።

አንድ ችግር ቀረ። እርስዎ ሁለት ሆነው ሳሉ ድግግሞሽ የሚከለክለው ዩኒክ ኢንዴክስ አልፈጠርም ይላል። ስለዚህ ተመካክረው ማን እንደሚቀር ያሳውቁን። የተሰናባቹ ዱቤና ክፍያ ወደ ቀሪው ይዛወራል።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለዚያኛው መሃመድ