ጫማ ጠባቂው መቼ ያስቀድሳል? የአገልግሎት ተራ ላይ የተደረገ ክርክር

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ፦ በጅማ አጥቢያዎች ግቢ መጥረግን፣ ጫማ መጠበቅን፣ ምንጣፍ ማጠብንና ለነዳያን ማብሰልን የመሰለው ሥራ በስም ዝርዝር፣ በየሦስት ወሩ በሚለዋወጥ ተራ ይሠራ።

ደጋፊ፦ ጫማ የሚጠብቅ ሰው ቅዳሴውን የሚሰማው ከደጅ ነው። አንድ እሑድ ቢሆን ግድ የለም። ዓመቱን ሙሉ ያው ሰው ሲሆን ግን ወንጌል ሲነበብ ጫማ ይቀበላል፣ ሲሰበክ ዝናብ የደረሰበትን ጫማ ወደ ጥግ ያሸሻል፣ ሥጋ ወደሙ ሲሰጥ የሚወጣውን ሕዝብ ይጠብቃል። ሌላውን እያስቀደሰ እሱ ሳይቆርብ ይከርማል። ይህ የእሱ ትሕትና ሊሆን ይችላል፤ ለእኛ ግን ጥፋት ነው። ለአንድ እሑድ ሁለት ሰው ቢመደብ 8 ሰው ለ4 እሑድ ይበቃል። እያንዳንዱ አንዱን ያገለግላል፣ ሦስቱን ገብቶ ያስቀድሳል።

ሌላው፣ ተለዋጭ የሌለው አገልጋይ ሳያውቀው ባለቤት ይሆናል። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ከእሱ ጋር ነው፤ ትልቁ ድስት የት እንዳለ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። አዲስ የመጣች ልጅ መጥረጊያ ስታነሣ «እንዲህ አይደለም» ትባላለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት አትመጣም። ተራ ደግሞ ለቤተ እግዚአብሔር እንግዳ አይደለም። በ1ኛ ዜና መዋዕል 24 ካህናቱ በ24 ክፍል ተመድበዋል፤ ዘካርያስም መልአኩን ያየው ተራው ደርሶ ሲያጥን ነበር።

ተቃዋሚ፦ እኅቴ፣ ዘካርያስ ካህን ነው፤ ከተራው የሚያስቀረው ማሳ አልነበረውም። እዚህ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ይለቀማል። ያኔ ስሙ የተለጠፈው ሰው ይቀራል፣ ወይም ለቀን ሠራተኛ ከፍሎ ይልካል። ግቢው ይጠረጋል፤ መሥዋዕቱ ግን የለም። ባለ ገንዘቡ ተራውን በብር ሲሸኝ ድኻው በጉልበቱ ይወጣዋል፤ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ይህን ልዩነት የምንፈጥረው በገዛ እጃችን ነው።

ማዕዱንም ያስቡት። ለ100 ነዳያን፣ ለአንድ ሰው 100 ግራም ቢታሰብ 10 ኪሎ ክክ ይፈጃል፤ እሱ በሌሊት ተጥዶ ይደርሳል። እንጀራው ግን አይደርስም። ሊጡ ሐሙስ ይቦካል፣ ቅዳሜ ጠዋት አብሲት ይጣላል፣ ኩፍ ሲል ይጋገራል። «ተራዬ እሑድ ነው» ብላ ቅዳሜ ማታ የመጣች ተረኛ ዓይን የሌለው እንጀራ ለድኻ ታቀርባለች። ይህን ሁሉ ዛሬ የሚሸከሙት ማንም ያልመደባቸው እናቶች ናቸው።

ደጋፊ፦ እንግዲያው ተራው ከሐሙስ ይጀምር። ተራዋን የጨረሰችውም ከምትተካት ጋር አንድ ሳምንት ትቆይ፤ ዘኍልቍ 8 ሌዋዊው በ50 ዓመቱ ከሥራው ያርፋል ካለ በኋላ ወንድሞቹን እንዲረዳ ያዝዛል። ቁልፉ ሁለት ይሁን። ቡና ያለው ሰው ከጥር በኋላ ይመደብ፤ ምንጣፍ የሚታጠበውም ያኔ ነው፣ በሐምሌ የታጠበ አይደርቅም፣ ይሻግታል። ፍልሰታ ለብቻው ዝርዝር ይፈልጋል፦ ከነሐሴ 1 እስከ 16 ቀን በቀን ቅዳሴ አለ፣ ጭቃው እስከ በሩ ይደርሳል፣ የግቢ ጉባኤ (የዩኒቨርሲቲ) ተማሪዎችም ለክረምት የተበተኑ እንደሆነ ሰው ይሳሳል። በቀን ሁለት ሰው ቢሆን 32 ስም ነው፤ ሐምሌ ሳያልቅ ይሰብሰብ። መቅረት የግድ ከሆነ ተረኛው ከሌላ ተረኛ ጋር ይቀያየር፤ በገንዘብ መተካት አይፈቀድ።

ተቃዋሚ፦ ሐሙሱንና ሁለቱን ቁልፍ እቀበላለሁ። የሰው ስም መለጠፉን ግን አልቀበልም። ቀኝ እጅህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ ተብለናል፤ እኛ ደግሞ በር ላይ ልንጽፈው ነው። የሥራው ዝርዝር ይለጠፍ፦ ይህን ያህል ክክ፣ ይህን ያህል ጀሪካን ውኃ፣ በዚህ ሰዓት። የሚመጣው ፈቅዶ ይምጣ።

ደጋፊ፦ ወንድሜ፣ በፈቃድ ብቻ ሲሆን የሚተርፈው ሥራ ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ለንግሥ ጃንጥላ የሚይዝ፣ ሰልፍ የሚያስተናግድ አይጠፋም። መጸዳጃ ቤቱን የሚያጥበው ነው የሚጠፋው። በበዓል ቀን በየሁለት ሰዓቱ ካልታጠበ፣ ከሩቅ የመጣች ነፍሰ ጡር የምትገባበት የላትም። ማንም የማይመርጠውን ሥራ በምርጫ ማሠራት አይቻልም፤ ስም ያስፈልገዋል።

ተቃዋሚ፦ ለመጸዳጃው እሺ። በአንድ ቅድመ ሁኔታ ግን፦ ከዝርዝሩ አናት የሚጻፉት አጥቢያውን የሚያስተዳድረው ኮሚቴ፣ የሰበካ ጉባኤው አባላት ይሁኑ። በጸሎተ ሐሙስ አባቶቻችን በወይራና በወይን ቅጠል እግራችንን ያጥባሉ፤ ኮሚቴው ግን በበዓል ቀን ከወንበሩ አይነሣም። ወጣቶቹን ብቻ ወደ ታች የሚገፋ ተራ ከሆነ በሁለተኛው ዙር የሚመጣ አይኖርም፣ ያኔ ዝርዝሩም ግድግዳው ላይ ይቀራል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት መጸዳጃ ቤቱን እነሱ ይጠቡ፤ የሌሎቻችንን ስም ከዚያ በኋላ ይጠይቁ።