ውሃ የከበበው አጋዘን

ባለፈው ኅዳር ኬር ሐይቅ ዳር የሰማሁት ነገር እስካሁን ከሆዴ አልወጣም። «መምጣት እንዲህ ውሃው ሲሞላ ነው! አጋዘኑ ሁሉ አንድ ቦታ ታጉሯል፣ የት ያመልጣል?» አለኝ አብሮኝ የሄደው የአገሬ ልጅ።

ኬር በቨርጂኒያና በኖርዝ ካሮላይና ድንበር ላይ ያለ፣ የሮአኖክ ወንዝ ተገድቦ የተፈጠረ ሐይቅ ነው። ግድቡንና ዙሪያውን ያለውን የሕዝብ መሬት የሚያስተዳድረው የአሜሪካ ጦር የመሐንዲሶች ክፍል ነው። ከጫካው ብዙው ለአደን ክፍት ነው። ፈቃድህን ይዘህ፣ ብርቱካናማ ሰደርያህን ለብሰህ ትገባለህ። የማን ልጅ ነህ፣ ማን ላከህ የሚልህ የለም። እኔ ይሄን በጣም እወድለታለሁ። የእኛ ሰው ግን ከዋሽንግተን ዙሪያ ንቅንቅ አይልም፤ ጫካው የነጮች ብቻ ይመስለዋል። (ወቅቱ ከጾመ ነቢያት ጋር መጋጠሙ እውነት ነው። ሥጋው እስከ ገና ፍሪዘር ውስጥ ይቆያል፣ ምንም አይሆንም።)

ሐይቁ በደህና ጊዜ ከባሕር ወለል በላይ 300 ጫማ አካባቢ ላይ ይቆማል። ከባድ ዝናብ ሲጥል ግን በታች ያለውን አገር ጎርፍ እንዳይወስደው ግድቡ ውሃውን ይይዘዋል፤ እስከ 320 ጫማ ያለው ቦታ ለዚሁ የተተወ ነው። ያኔ ዝቅ ያለው ጫካ ይሰጥማል። አጋዘኑ ወደ ጉብታ ይሸሻል። ጉብታውም ቀስ በቀስ ይከበባል።

ያን ቀን ያየነው እንዲህ ያለውን ነው። እናቶችና ግልገሎች ትንሽ ጉብታ ላይ ተጠጋግተው ቆመዋል። ዙሪያው ውሃ ነው። ከቆምንበት ለጥይት ቅርብ ናቸው። አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ከእኛ ቀድሞ ደርሶ ነበር። አያቸው፣ ጥይቱን ከጠመንጃው አወጣ፣ «መሄጃ የላቸውም» ብሎን ወደ መኪናው ተመለሰ። ጠባቂ አልነበረም። ካሜራም አላየሁም። ጓደኛዬ ግን ገረመው። «ሞኝ ነው እንዴ? ፈቃድ አለው አይደል?»

ፈቃድ መኖሩማ አለ። ኒውዮርክና ሉዊዚያና ውሃ ውስጥ ያለ አጋዘን መግደልን በሕግ ከልክለዋል። ሽማግሌው ግን ሕግ አልጠቀሰልንም። የሚያመልጥበት የሌለውን እንስሳ መግደል አደን አይደለም፣ በቃ።

እኔ መተሐራ ነው ያደግሁት። በሰቃ ሐይቅ ሲሰፋ አይቻለሁ። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ውሃ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል፤ መንገድ በልቷል፣ የግጦሽ መሬት በልቷል። የአካባቢው አርብቶ አደሮች፣ ከረዩዎቹ፣ ቀድሞም በሸንኮራ እርሻውና በአዋሽ ፓርክ መሬታቸውን አጥተው ነበር። ውሃው ሲገፋቸው ከብቶቻቸውን ይዘው ወደ ፓርኩ ከመግባት ሌላ ምን አማራጭ ነበራቸው? በእነሱ አልፈርድም። የምናደደው በሌላው ነው። ሐይቁ ስንት ሄክታር እርሻ እንደወሰደ ሲወራ እየሰማሁ አደግሁ። የፓርኩ ሳላ፣ ያ ቀንደ ረጅሙ የዱር እንስሳ፣ የት ይሂድ ብሎ የጠየቀ ሰው ግን ሰፈራችን ውስጥ አላጋጠመኝም። ፓርኩ የመንግሥት ነው፣ ሳላውም የመንግሥት ነው፣ እኛ ምን አገባን! ኬር ላይ ያ ሽማግሌ አጋዘኑን የራሱ አድርጎ ነው ያየው። ለዚያ ነው የተወው።

ጓደኛዬ ዋሽንግተን አጠገብ እስካለችው አሌክሳንድሪያ ድረስ ሲከራከረኝ መጣ። «ሌላው ይገድለው የለም ወይ?» ይላል። ይሄን አባባል መተሐራ ዛፍ ሲቆረጥ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! ባሕር ተሻግሮ እዚህም መጣ።

የሐይቁን ከፍታ መሐንዲሶቹ በየቀኑ ኢንተርኔት ላይ ያወጡታል። አደን ልትሄዱ ካሰባችሁ ማታውኑ እዩት። ከፍ ብሎ ከሆነ የቱ ቦታ እንደተዘጋ ደውላችሁ ጠይቁ። ጓደኛዬ ሰሞኑን ደውሎ «ዝናቡ በርትቷል፣ እንሂድ እንጂ» ብሎኛል። ውሃው ሳይወርድ ከእኔ ጋር እንደማይሄድ ነግሬዋለሁ። ተቀይሞኛል።