እርማት፦ «የባንክ ኃላፊ የነበረ ሁሉ ብድር ያውቃል» ለሚለው

ወንድማችን፣ «የቀድሞ የባንክ ኃላፊዎች ባሕር ዳር ላይ ድርጅት ካቋቋሙ ብድር ለመስጠት ልምዳቸው ይበቃል» ብለው ጽፈዋል። ብዙ ሰው የሚያምነው ነው፤ ግን ስህተት ነው።

የባንክ ኃላፊነት አንድ ሙያ አይደለም። በቅርንጫፍ ኦፕሬሽን ያደገ ሰው ጥሬ ገንዘብ፣ ሐዋላና የሒሳብ አከፋፈት ያውቃል፤ የብድር ፋይል ግን ላይተነትን ይችላል። የውስጥ ኦዲት ሰው ደግሞ ብድሩ ከተሰጠ በኋላ ነው ጉድለት የሚፈልገው። ስለዚህ «ምን ማዕረግ ነበራቸው?» ሳይሆን «በየትኛው ክፍል፣ ስንት ዓመት፣ የብድር ኮሚቴ ላይ ፈርመዋል ወይ?» ብለው ይጠይቁ።

ልዩነቱ በተግባር ይታያል። ጣና ዳር ያለ እንግዳ ማረፊያ ገቢው በገናና በጥምቀት ሰሞን ያብጣል፣ ክረምት ላይ ይሟሽሻል። ካርታና የቤት ግምት ብቻ የሚያይ ሰው በየወሩ እኩል ክፍያ ይመድባል። የሐምሌ 1 ክፍያ ከቀረና ካልተሟላ ጥቅምት 1 ላይ፣ ጳጉሜን ጨምሮ 95 ቀን ይሞላዋል። 90 ቀን ያለፈው ብድር ደግሞ በተበላሸ ብድርነት ይመደባል። የብድር ተንታኝ ግን የ12 ወር ገቢና ወጪ አይቶ ትልቁን ክፍያ ከጥር ጋር ያገጣጥመዋል።

ፈቃድን በተመለከተ፣ ማማከር በንግድ ፈቃድ ይሠራል። ከሕዝብ ቁጠባ ሰብስቦ ማበደር ግን የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ይፈልጋል፤ ለማይክሮ ፋይናንስ አዋጅ ቁጥር 626/2001 አለ፣ ድርጅቱም አክሲዮን ማኅበር መሆን አለበት። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር የባንክ ሥራ መሥራት አይችልም፣ መሥራቾቹ የቱንም ያህል ቢካኑ።